የት እንውረድ? ልጆች ይዞ ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ቤተሰብ መኖሪያ ስለመምረጥ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በእድሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)





በየዓመቱ በዚህ ስብሰባ የሒሳብ ሪፖርት ከተሰማ በኋላ ከአባላት አንዱ ለኑሮ የሚጠቅም ነገር እንዲናገር ልማድ አድርገናል። ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ። የምናገርበትን ጉዳይ ሳስታውቅ አንዳንድ የኮሚቴ አባላት «እድር ቀባሪ ነው እንጂ ቪዛ አስጨራሽ ነው ወይ?» ብለው ቀልደውብኛል። ቀልዱን ተቀብያለሁ። ሆኖም ንግግሬን እስከ መጨረሻው ከሰማችሁ በኋላ ጉዳዩ የእድር ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እናንተው ትፈርዳላችሁ።

እንደምታውቁት ከአባሎቻችን መካከል ልጁ ወይም የወንድሙ ልጅ ውጭ አገር ያልሄደበት ጥቂት ነው። በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ወጣት ባለትዳሮች፣ ሕፃናት ልጆች ያሏቸው፣ ወደ እኔ መጥተው «ወረቀታችን ተቃርቧል፤ የት ብንወርድ ይሻላል?» ብለው ጠይቀውኛል። ሲጠይቁኝ የደመወዙን መጠን ይነግሩኛል፤ የቤት ኪራዩን ይነግሩኛል፤ የብርዱንም ነገር አንሥተው ይሥቃሉ። አንድ ነገር ግን አንዳቸውም አላነሡልኝም። እኔም ብሆን ያን ነገር የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በጸሐፊነቴ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አንጋፋ አባላችን በድንገት ዐረፉ። ስማቸውን አልጠራም። ባለቤታቸው ዛሬም ከመካከላችን ተቀምጠዋል፤ ታሪኩ ለሌላው ትምህርት ይሆናል ብለው እንድናገር ፈቅደውልኛል። ጡሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተጣደ፤ ሁሉም በሥርዓታችን መሠረት ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የሟቹ የበኩር ልጅ ከሚስቱና ከሁለት ሕፃናት ልጆቹ ጋር አሜሪካ ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። መርዶውን ማን ይንገረው?

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ አላስተምርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ባለቤቱ ለሥራ ሳይወጣ ቤቱ ድረስ ተሄዶ ነው የሚነገረው። ሲወድቅ የሚደግፈው፣ ልጆቹን ወደ ጓዳ ይዞ የሚገባ፣ ውሃ የሚያቀብል ሰው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ኮሚቴው ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ልጁ ባለበት ከተማ የሚኖር ሰው መፈለግ ጀመረ። ዋሽንግተን ዘመድ አገኘን። ቶሮንቶ አገኘን። ዱባይም አገኘን። ልጁ ባለበት ከተማ ግን አንድም ሰው አጣን። የዋሽንግተኑ ዘመድ «በመኪና ብሄድ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል» አለን። የጡሩምባ ነፊያችን ድምፅ እስከ ሐይቁ ዳር ይሰማል፤ ከዚያ ግን አያልፍም።

እኛ ስንፈልግ ነጋ። በዚህ መካከል አንድ የሰፈር ልጅ፣ ክፉ አስቦ ሳይሆን ከልቡ አዝኖ፣ የሟቹን ፎቶግራፍ ከሻማ ጋር በፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ልጁ በፋብሪካው የዕረፍት ሰዓት ስልኩን ሲከፍት አባቱን ከሻማ ጋር አየ።

ባልና ሚስቱ ልጅ የሚጠብቅላቸው ስላልነበረ እሱ ቀን፣ እሷ ማታ ነበር የሚሠሩት፤ እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። ያን ቀን በር ላይ ሲገናኙ ምንም አልነገራትም። ብነግራት ከሥራ ትቀራለች፣ ብትቀር ትባረራለች ብሎ ሰግቶ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ብቻውን ያዘው። ሁለቱን ሕፃናት ይዞ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ ስድስት ዓመት የሆናት ልጁ በራሷ የፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ቀድታ አመጣችለት። ይህን በኋላ ለእናቱ በስልክ የነገራት ራሱ ነው። «እማዬ፣ ውሃ ያቀበለችኝ ልጄ ናት» አላት። እዚህ ቢሆን ኖሮ ውሃውን ይዛ የምትቆመው ጎረቤት ነበረች።

ታዲያ ያን ከተማ እንዴት መረጡት ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔም ጠይቄያለሁ። ዕጣው ደርሷቸው ቅጹን ሲሞሉ አሜሪካ ውስጥ የሚያርፉበትን አድራሻ እንዲጽፉ ተጠየቁ። ሦስት አድራሻ ነበራቸው። አንደኛው በዋሽንግተን አቅራቢያ የሚኖር አጎት፤ ቤቱ ግን ጠባብ፣ ኪራዩም ከባድ። ሁለተኛው ቴክሳስ የምትኖር የሚስት የአክስት ልጅ፤ እሷም ኑሮዋን ገና አላደላደለችም። ሦስተኛው በአገሩ መካከል ባለች አነስተኛ ከተማ የሚኖር የትምህርት ቤት ጓደኛ፤ እሱም «ኪራዩ ግማሽ ነው፤ ሥጋ የሚያሽግ ፋብሪካ አለ፣ ቋንቋ ሳይጠይቅ ይቀጥራል፤ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው» አላቸው። ወደዚያው ሄዱ።

ምርጫቸው የሞኝ ምርጫ አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ጓደኛውም አልዋሸም፤ ያለው ሁሉ እውነት ሆኖ አገኙት። ነገር ግን እነሱ በገቡ በሁለተኛው ወር ለጓደኛው ሌላ ክፍለ ግዛት የተሻለ ሥራ ተገኘለትና ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። የእሱን ሥራ ማን ይከለክለዋል? እነሱ ግን በከተማው ሌላ የሚያውቁት አልነበራቸውም። የመረጡት ከተማ መስሏቸው ነበር እንጂ የመረጡት አንድ ሰው ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህ ነገር ለእኛ ለሐዋሳ ሰዎች እንግዳ ሊሆን አይገባም። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ቦታው አዳሬ ይባል ነበር፤ የሲዳማ ወገናችን ከብቱን የሚያሰማራበት፣ ጫካና ሣር የሞላበት የሐይቅ ዳር ነበር። ከተማው ሲቆረቆር ጡረታ የወጡ ወታደሮች መሬት እየተሰጣቸው ሰፈሩ፤ ዋና ከተማነቱም ከይርጋለም ወደዚህ ሲዛወር የመንግሥት ሠራተኛው ተከተለ፤ ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከጉራጌ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃምም ሰው መጣ። ከእኛ አባቶችና እናቶች ብዙዎቹ ልጅ አዝለው የገቡ መጤዎች ነበሩ። ያኔ ሐይቁ ዳር ወባው አይጣል ነበር ይሉናል። ታዲያ እንዴት ሰፈሩ? ቀድሞ የገባ ሰው ባለበት አጠገብ ሰፈሩ። አስፋልት፣ መብራትና ውሃ በየቤቱ ሳይደርስ እድር ነበራቸው። ለምን ቢባል፣ ልጅ ያለው ሰው በባዕድ ቦታ የመጀመሪያ ሥጋቱ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበርና ነው።

በዚህ በአሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲዘረጉ፣ አሞራዎቹ የዓሣ ፍርፋሪ ባለበት ሁሉ ይሰፍራሉ፤ ፍርፋሪው ሲያልቅ ይነሣሉ። ለአሞራ ይበቃል። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ግን ደመወዝ ባለበት ሁሉ ሰፍሮ፣ ሲጎድል እየተነሣ ሊኖር አይችልም፤ ልጁ በየጊዜው ከትምህርት ቤት እየተነቀለ አይጸናምና።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። በመጀመሪያ ሁሉም ሰው መምረጥ እንደማይችል እንወቅ። በስደተኝነት ተመዝግቦ በድርጅት አማካይነት የሚሄድ ቤተሰብ የሚያርፍበትን ከተማ በአብዛኛው የሚወስንለት ተቀባዩ ድርጅት ነው። ካናዳ በግለሰቦች ዋስትና የገቡም ዋሶቻቸው ባሉበት ከተማ ነው የወረዱት። ምርጫ የነበረው በተለይ በዕጣ የሄደው ነው። ይህ ዕጣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 በወጣ ሕግ የተመሠረተ ነው፤ ከ1995 ጀምሮም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከትዳር ጓደኞቻቸውና ካላገቡ፣ ከ21 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆቻቸው ጋር ሄደውበታል። የዕጣው አገር ይታወቃል፤ ከተማውን ግን ማንም አይወስንላችሁም። ሕጉ ደግሞ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ዛሬ የተከፈተው ነገ ይዘጋልና ከመንቀሳቀስ በፊት የዕለቱን ሁኔታ ከኤምባሲው ራሱ መጠየቅ ያስፈልጋል እንጂ በደላላ ወሬ አይኬድም።

ስለ ሁለት መንገዶች በአጭሩ ተናግሬ ልለፍ። ወደ ዐረብ አገሮች የሚሄድ ሰው ሠርቶ ለመመለስ እንጂ ልጅ ተክሎ ለማሳደግ አይሂድ። የመኖሪያ ፈቃዱ በአብዛኛው ከሥራው ውል ጋር የታሰረ ነው፤ ልጅም እዚያ ስለተወለደ ብቻ ዜግነት አያገኝም። የደቡብ አፍሪካን መንገድ ደግሞ የእኛ አካባቢ ያውቀዋል። በጆሃንስበርግ ጄፔ በሚባለው ሰፈር ብዙ ወገኖቻችን ነግደው ቤተሰብ አስተዳድረዋል፤ እውነት ነው። ግን በ2008፣ በ2015ና በ2019 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ሱቅ ተዘርፏል፣ ሰውም ሞቷል። በመንገዱም በመጋቢት 2020 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በተባለ ቦታ፣ 64 ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። በዚህ መንገድ ሕፃን ይዞ ስለመሄድ ምክር የለኝም፤ አትሂዱ ከማለት በቀር።

እንግዲህ ምርጫ ላለው ቤተሰብ አምስት ጥያቄዎችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በዚያ ከተማ ስንት ቤተሰብ ታውቃላችሁ? አንድ ሰው አይበቃም። ቢያንስ ሦስት ቤት፣ ያውም አንዱ ቢሄድ ሌላው የሚቀር፣ ሊኖር ይገባል። በዋሽንግተንና በአካባቢው የኢትዮጵያውያን ኑሮ ሥር የሰደደ ነው። መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር ነበሩ፤ ከዚያ ወደ ዩ ስትሪትና ዘጠነኛ መንገድ፣ ኪራዩ ሲወደድ ደግሞ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ተሻገሩ። በከተማው በ2004 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በወጣ የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ጭምር እንዲያገለግሉ ተደርጓል። በሎስ አንጀለስ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ሰፈር በ2002 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። በሚኔሶታ፣ በሲያትል፣ በዳላስ፣ በአትላንታ፣ በዴንቨር፣ በካናዳም በቶሮንቶ፣ በካልጋሪና በኤድመንተን ብዙ ወገን አለ። በእነዚህ ቦታዎች ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ ጸሎት ቤቱም ይገኛል፤ በብዙዎቹም እንደ እኛው እድር አቋቁመዋል።

ሁለተኛ፣ ልጆቹ የት ይማራሉ? በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ 12ኛ ክፍል ያለ ክፍያ ነው። ልጁ የሚመደበው ግን በአብዛኛው በሚኖርበት አድራሻ ነው፤ ትምህርት ቤቶቹም ከገንዘባቸው ትልቅ ድርሻ የሚያገኙት ከአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር ስለሆነ በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ ከሰፈር ሰፈር ይለያያሉ። ስለዚህ ከተማውን ብቻ ሳይሆን ሰፈሩን ጠይቁ። በካናዳ ደግሞ ሞንትሪያል ባለችበት በኩቤክ ክፍለ አገር የመጤ ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማረው በፈረንሳይኛ ነው። ሳያውቁ ሄደው እንግሊዝኛ የጀመረ ልጅ እንደገና አዲስ ቋንቋ ከፊደሉ ሲጀምር ያዘኑ ወላጆች አሉ።

ሦስተኛ፣ እናንተ ስትሠሩ ልጁን ማን ይይዛል? በአሜሪካ የሕፃናት ማቆያ ክፍያ ከአንድ ሰው ደመወዝ ብዙውን ሊወስድ ይችላል። ባልና ሚስት በፈረቃ እየተቀያየሩ በር ላይ ብቻ የሚገናኙት ለዚህ ነው። አያት ወይም አክስት ያለችበት ከተማ ኪራዩ ቢወደድም ሒሳቡ ሲደመር ሊረክስ ይችላል። መኪናስ ያስፈልጋል ወይ? በዋሽንግተንና በቶሮንቶ በባቡርና በአውቶቡስ መኖር ይቻላል፤ በቴክሳስ ከተሞች ግን መኪና የሌለው ሰው እግሩን እንደታሰረ ነው።

አራተኛ፣ ልጁ ሲታመምስ? በካናዳ የሐኪምና የሆስፒታል ወጪን በአብዛኛው የክፍለ አገሩ መንግሥት ይሸፍናል። በአሜሪካ ግን የብዙው ሰው የሕክምና ዋስትና ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ «ደመወዙ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ሕክምናው የቤተሰቡን ሁሉ ይሸፍናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አምስተኛ፣ የተማራችሁበት ሙያ እዚያ ይሠራል? ነርስም መምህርም ፈቃድ የሚሰጠው በአሜሪካ በየክፍለ ግዛቱ ነው። አንዱ ጋ ጀምራችሁ ወደ ሌላው ብትዘዋወሩ እንደገና ወረቀት ማቅረብ ሊጠየቅ ይችላል። የምስክር ወረቀታችሁን አስተርጉማችሁ፣ አስመስክራችሁ ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን «ታዲያ ሁላችንም ወገን ወደ በዛበት እንጉረፍ ማለትህ ነው ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ወገን የበዛበት ከተማ የራሱ ጣጣ አለው። ኪራዩ ይከብዳል፤ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ቤት ይጨናነቃል፤ ሥራውም አንዱ በሌላው ላይ የሚረባረብበት ይሆናል። ሐሜቱ እንኳ ከዚህ ይብሳል ይላሉ። ደግሞ ከወገን ጋር ብቻ እየዋለ አሥር ዓመት ቆይቶ እንግሊዝኛው ያልተፈታለት ሰው አለ፤ በሐኪም ቤት የሚያስተረጉምለት የገዛ ልጁ ይሆናል። ይህም ልጁን ያለ ዕድሜው ሽማግሌ ያደርገዋል። ትንሽ ከተማ ሄደው፣ ከአገሬው ጎረቤት ጋር ተዋውቀው፣ ቤት ሠርተው የሚኖሩም አሉ። ጎረቤት ሁልጊዜ ሐበሻ ይሁን አላልኩም። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው፦ ክፉ ወሬ በመጣ ቀን በራችሁን የሚያንኳኳ ሰው አለ ወይ? ካለ፣ ፈረንጅም ይሁን ሶማሌ፣ ሜክሲኮም ይሁን ህንድ፣ ያ ቦታ ለመኖሪያ ይሆናል። ከሌለ፣ ደመወዙ ቢያምርም ለጊዜው ማረፊያ እንጂ መኖሪያ አይሆንም። አባቶቻችን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ያ ቤተሰብ መጨረሻው ምን ሆነ? ዓመቱ የቤት ኪራይ ውል ስላለባቸው ወዲያው መነሣት አልቻሉም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጠብቀው፣ ያጠራቀሙትን ግማሹን ለመንገድና ለአዲስ ቤት መያዣ ከፍለው፣ መጀመሪያ «ቤቱ ጠባብ ነው» ብለው ወደተዉት አጎት ከተማ ሄዱ። ትልቋ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ትምህርት ቤቷ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ ክፍል ውስጥ አትናገርም ነበር ብለው አስተማሪዎቿ ነግረዋቸዋል። ዛሬ ደኅና ናት፤ አያቷን በስልክ በአማርኛ ታጫውታለች። እሱ አሁንም ኪራዩን እየረገመ ይከፍላል። ነገር ግን የአባቱ ሙት ዓመት ሲደርስ ቤቱ ውስጥ ሰው ሞልቶ፣ ወንበር ጎድሎ፣ ከጎረቤት ወንበር ተለምኗል። ይህንም ለእናቱ በስልክ ነግሯታል። እኚህ እናት «ወንበር መጉደሉን ስሰማ ያን ጊዜ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ» ብለውኛል።

እንግዲህ የተከበራችሁ አባላት፣ ንግግር ብቻውን አያጠግብም። ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት አሳብ አቅርቤ አበቃለሁ።

አንደኛው፣ እድራችን አንድ መዝገብ ይክፈት። በመዝገቡ ላይ ውጭ አገር የሚኖር የአባል ልጅ ሁሉ ከነከተማው፣ ከነስልኩ ይመዝገብ። ከእሱም ሌላ በዚያው ከተማ የሚኖር፣ ቤቱ ድረስ ሊሄድ የሚችል የሁለት ሰው ስልክ ይጻፍ። መዝገቡ በጸሐፊው እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ እንጂ ለማንም አይሰጥ።

ሁለተኛው፣ ልጆች ይዞ ለመሄድ የሚዘጋጅ ቤተሰብ የአድራሻውን ቅጽ ከመሙላቱ በፊት ይህን መዝገብ እንዲያይ እንርዳው። በሚሄድበት ከተማ ልጅ ያለው አባል ካለን ከእሱ ጋር በስልክ እናገናኘው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የአንድ ሳምንት ጥያቄ የሁለት ዓመት መንከራተት ያድናል።

ሦስተኛው፣ ልጆቻችንን አደራ እንበል። አባል ባረፈ ጊዜ ኮሚቴው መርዶው ለሩቅ ልጆች መድረሱን እስኪያረጋግጥ ድረስ ማንም ሰው ፎቶግራፍና ሻማ እንዳይለጥፍ ይህ ጉባኤ ይወስን። ጡሩምባ የሚነፋው በሥርዓት እንደሆነ ሁሉ ስልኩም ሥርዓት ይኑረው።

ልጆቻችን ይሄዳሉ፤ አንከለክላቸውም፤ እኛም መጥተን ነው እዚህ የተገኘነው። የምንችለው ነገር ቢኖር ሲሄዱ ብቻቸውን ሆነው እንዳያለቅሱ ማሰብ ነው። የምንቀብረው ሙታንን ነው፤ የምናጽናናው ግን ሕያዋንን ነውና ይህም የእድር ሥራ ነው እላለሁ።

 እግዚአብሔር በስደት ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም በጤና ለከርሞው ስብሰባ ያድርሰን።